ገመናው የማን ነበር? ከደብረ ብርሃን የአንድ ማኅበር ጉዳይ

በ2015 ዓ.ም ኅዳር 12 ማታ ነው። የሚካኤል ማኅበራችን በዚያ ወር የወጣበት ቤት ደብረ ብርሃን ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ጸሎቱ ደርሷል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ቆሎው በሰፌድ እየዞረ ነው። የኅዳር ብርድ በበሩ ስር እየገባ እግር ይበላል። አንድ ሰው ተነሳ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ፈታ፣ እንደገና ቆለፈ። "ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እኔ ሰካራም ነበርኩ" አለ።

ተነስቶ እንዲናገር የለመንኩት እኔ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው የምጽፈው ኋላ ላይ እንዳላድበሰብሰው ነው።

ሰውየው በያጅ ነው። በር፣ መስኮት፣ የመኪና ብረት ይበይዳል። ሃምሳን ተሻግሯል። እኔ ጋሼ ነው የምለው፣ እዚህም ጋሼ እለዋለሁ። ሚስቱን ደግሞ እትዬ። ስማቸውን አልጽፍም። ጽሑፉን ለሁለቱም አንብቤላቸዋለሁ። እትዬ አንድ ሙሉ አንቀጽ አውጣ አለችኝ፤ አውጥቻለሁ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዷን ያልቀመሰ ሰው አውቃታለሁ ባይል ይሻላል። ለጠጪ ደግሞ ብርድ ጥሩ ሰበብ ነው። ጠዋት አንድ መለኪያ አረቄ "ለብርዱ"፣ ከሰዓት አንድ "ለድካሙ"፣ ማታ ሲሆን ምክንያትም አያስፈልግም። ጋሼም የጀመረው እንደዚሁ ነው። እያደር ግን የጠዋቷ መለኪያ የብርድ መሆኗ ቀረ። እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የበያጅ እጅ ከተንቀጠቀጠ መስመሩ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ሁለት መለኪያ ሲገባለት እጁ ቀጥ ይላል። ሰውም ይህን እያየ "እሱኮ ሲጠጣ ነው የሚሠራው" ይል ነበር። እንደ ሙገሳ።

በ2014 ዓ.ም መስከረም ላይ ጠበል ገባ። ሰሜን ሸዋ ለጠበል ሩቅ አገር አይደለም። ጻድቃኔ ማርያም አለች፣ ሸንኮራ ዮሐንስ አለ፣ ስማቸው ከወረዳ ያልወጣ ሌሎችም አሉ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ቁርጥ አድርጎ ነው የተወው፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠብታ የለም። ሁለተኛው ቀን ላይ መላ አካላቱ ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛው ቀን ግድግዳው ላይ ጉንዳን ሲርመሰመስ አየ። ጉንዳን ግን አልነበረም። ከዚያ ወደቀ፣ ቅንድቡ ተተረተረ። አብረውት የነበሩት "መንፈሱ እየለቀቀው ነው" አሉ። ደግነቱ ከጠበልተኞቹ መሀል አንዲት ነርስ ነበረች። "ስንት ዓመት ጠጣ? መቼ ተወ?" ብላ ጠየቀች። መልሱን እንደሰማች መኪና አስጠርታ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው ሊተርፍበት ይችላልና። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም አካሉ ይናወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ላይ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛና ሦስተኛው ቀን አካባቢ ደግሞ መቃዠት፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን ሊከተል ይችላል። ሊገድልም ይችላል። መድኃኒት አለው። የቫይታሚን ቢ 1 እጥረትም አብሮ ይታከማል። ጋሼ ሐኪም ቤት ሰንብቶ፣ ተሽሎት፣ ወደ ጠበሉ ተመልሶ ሱባኤውን ጨረሰ። ለንስሐ አባቱም ተናዘዘ። እሱ አንዱን ከሌላው አያጣላም። "እግዜር በነርሷም በጠበሉም ነው የመጣው" ይላል።

ከዚያ አስራ አራት ወር ንጹሕ። እኔም ዓይኔን የጣልኩበት ያኔ ነው።

ለምን? በማኅበሩ ውስጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ሰው ነበረ። ሚኒባስ ይነዳል፣ ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድ ከፊትህ ያለው መኪና ሁለት ቀይ መብራት ብቻ ይሆናል። ከዋሻው ስትወጣ ደግሞ ያ ቁልቁለት አለ። ይህ ሹፌር ጠዋት አረቄ ሳይቀምስ መሪ አይጨብጥም ይባል ነበር። ልመክረው ሞክሬ "አንተ ጠጥተህ ታውቃለህ?" አለኝ። አላውቅም። አፌን ዘጋሁ። የጠጣ ሰው ይንገረው አልኩ።

ጥቅስም አላጣሁም። ጌታ በጌርጌሴኖን አገር አጋንንት ያደሩበትን ሰው ሲፈውሰው፣ ሰውየው በታንኳው ልከተልህ ብሎ ለመነው። ጌታ አልፈቀደለትም። "ወደ ቤትህ ... ሄደህ ጌታ እንዴት ያለ ታላቅ ነገር እንዳደረገልህ ... አውራላቸው" አለው። ማርቆስ ምዕራፍ 5 ላይ ነው። ለጋሼ ይህንኑ አነበብኩለት። "አውራላቸው" የሚለውን ጠበቅ አድርጌ። "ወደ ቤትህ" የሚለውን ግን ዘለልኩት። ቤቱ ሄዶ ሚስቱን "ልናገር ነው፣ ምን ትያለሽ?" እንዲላት አልነገርኩትም። ለራሴም አልመጣልኝም።

በእኛ ዘንድ ኃጢአት የሚነገረው ለንስሐ አባት ነው፣ እዚያው ይቀራል። ምስክርነት የሚባለው ደግሞ ጠበል ቦታ ላይ አለ፤ የዳነ ሰው ቆሞ "እንዲህ ሆኜ ነበር" ይላል፣ ሕዝቡ እልል ይላል። እኔ ሁለቱን ቀላቀልኳቸው። ኑዛዜውን አምጥቼ እልልታ ያለበት ቦታ አስቀመጥኩት።

ጋሼ ሲጀምር ጥሩ ነበር። ቦይ ውስጥ ተኝቶ ያደረበትን ሌሊት ሲያወራ ሳቅን፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ "ስሙ ይመስገን!" ሲባልለት ሞቅ አለው። ይሄ ሞቅታ ከአረቄ የሚመጣው ብቻ አይደለም ለካ። ሰው ዝም ብሎ ሲሰማህ፣ አሜን ሲልህ፣ ትጨምራለህ። ጋሼም ጨመረ። የእትዬን የአንገት ሀብል ሸጦ እንደጠጣ ተናገረ። ቀጠለና "እጄንም አንስቼባታለሁ፣ አንዴም አይደለም" አለ።

እልልታው ቀለጠ። ሰው ክፋት አስቦ አይደለም። ከዚያ ወጥቶ እዚህ ደረሰ ብሎ ነው።

እትዬ የጓዳው መጋረጃ ጋ ቆማ ነበር። የጠላ ጆግ ይዛለች። ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ቀስ ብላ፣ ጠብ ሳታደርግ። ነጠላዋን አጣፋች። በጓሮ በር ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ማኅበር ቀረች። ታኅሣሥ የለችም፣ ጥር የለችም፣ የካቲትም የለችም። ወፍጮ ቤት ወረፋ ስትጠብቅ አንዷ ክንዷን ይዛ "ምነው ሳትነግሪን?" እንዳለቻት በኋላ ሰምቻለሁ። ሌላዋ ደግሞ ምንም ሳትል ፊቷን ፊቷን ታያት ነበር አሉ። ጠባሳ ፍለጋ። ወንድሟ ከመንዝ ድረስ መጣ። የመጣው ለሰላምታ አልነበረም።

ጋሼም አልተጠቀመም። ከዚያች ማታ በኋላ በእኛ ዓይን "የዳነው ሰውዬ" ሆነ። መንገድ ላይ ያቆሙታል፣ ልጆቻቸውን ምከርልን ይሉታል። ቤቱ ገብቶ ደግሞ እትዬ ራት አቅርባለት ወደ ጓዳ ትገባለች። በጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12፣ የሚካኤል ታቦት ከገባ በኋላ፣ ጠጣ። እስኪበቃው። ለማን ይንገር? እልል ላልንለት ለእኛ? ለንስሐ አባቱ ተናገረ፣ እትዬ ራሷ አየችው፣ በቃ። እኛ የየካቲቱ ማኅበር ላይ ስናየው "እንዴት ነህ ጋሼ፣ በርታ" አልነው። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ።

ነገሩ የገባኝ የእትዬ መቅረት ሦስተኛ ወሩን ሲይዝ ነው። ወደ መምሬ ሄድኩ። የእኔም የንስሐ አባት ናቸው፣ የጋሼን ግን አንዲት ቃል አላወጡም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የራሴን ጥፋት ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰምተው ኖኅን አነሱ።

"ኖኅ ሰከረ፣ ዕራቁቱንም ሆነ" አሉኝ። "ካም አየና ወጥቶ አወራ። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በጫንቃቸው ጥለው የኋሊት ሄደው ሸፈኑት። የኋሊት የሄዱት ላለማየት ነው።"

እኔ ነገር ይቀናኛል። "መምሬ፣ ታሪኩ ግን ተጽፏል እኮ። ይኸው ሁላችንም እናነበዋለን" አልኳቸው።

ሳቁ። "ተጽፏል። ኖኅ ሰከረ ይላል። የኖኅ ሚስት በዚያች ቀን ምን እንደሆነች ግን ይላል?"

አይልም።

"ጳውሎስስ? የሥጋዬ መውጊያ ተሰጠኝ ብሏል። ምን እንደነበር ነግሮሃል?"

"አልነገረኝም።"

"ግን ስንቱን አጽናንቷል።" ትንሽ ቆይተው ጨመሩ። "ልጄ፣ መምታት ይሸፈን አላልኩህም። እሱ ሽማግሌ አለው፣ ሕግ አለው። ግን የት፣ መቼ፣ ለማን እንደሚነገር የምትለው የተመታችው ናት።"

ይሄን የመጨረሻውን ብዙ አሰብኩበት፤ አንባቢም እዚህ ጋ "እንግዲያው ዝምታ ይሻላል ማለት ነው?" ሊለኝ ይችላል። አይደለም። እትዬ ያን ሁሉ ዓመት ዝም አላለችም። ለታላቅ እህቷ ነግራለች፣ ለመምሬ ነግራለች። ጋሼን ጠበል ያስገባው የእህቷ ቁጣ ነው፤ "ወይ ይሄን ነገር ትተዋለህ፣ ወይ እህቴን ይዤ እሄዳለሁ" ያለችው እሷ ናት። እትዬ መንገር ያለባትን መርጣ ነግራለች። ያልመረጠችው እኛን ነው። ለሠላሳ ሰው ቆሎ እየተበላ እንዲወራ አልፈለገችም።

የማኅበሩን ሙሴ፣ መሪያችንን ማለት ነው፣ ይዤ ቤቷ ሄድን። ምስር ትለቅም ነበር። ተቀመጡ አለችን፣ ዓይኗን ግን ከሰፌዱ አላነሳችም። ሙሴው ሽማግሌ ናቸው፣ አሳምረው ነው የጀመሩት፤ ስለ ዲያብሎስ ፈተና፣ ስለ ይቅርታ። እትዬ ድንጋይ ለቅማ ጣለች። ሌላ ለቅማ ጣለች። ከዚያ፣

"እሱ ሲመታኝ ችዬ ሸፈንኩት። እናንተ ለምስጋና ብላችሁ ገለጣችሁት" አለች።

ሙሴው አንገታቸውን ደፉ። እኔ ተንበረከክሁ። "እትዬ፣ ይቅር በይኝ። ሳልጠይቅሽ አስነገርኩ" አልኳት። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች። "ማኅበሩን ግን ገና ነው። ሲሻለኝ እመጣለሁ።" ጋሼን ደግሞ አንድ ቃል አስገባችው፤ ከእንግዲህ ስለራሱ የፈለገውን ይናገር፣ "እሷ" የምትል ቃል ግን ከአፉ እንዳትወጣ። እስከማውቀው ድረስ ጠብቋታል።

ሹፌሩስ? ኅዳር 12 ማታ እዚያው ነበር፣ ሁሉንም ሰምቷል። እንዳሰብኩት አልሆነም። ኋላ ሲነግረኝ "ያን ቀን ከማኅበሩ ወጥቼ ቀጥታ አረቄ ቤት ነው የገባሁት" አለኝ። "ለምን?" ስለው፣ "እሱን እግዜር መርጦት ነው። እኔን አልመረጠኝም ብዬ" አለኝ።

ልቡ የተከፈተው መጋቢት ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ነው። የሚኒባሱ ፖርቶ መጋላ ተሰንጥቆ ጋሼ ጋ አስበይዳለሁ ብሎ ሄደ። እኔ አልነበርኩም፣ ሁለቱም ግን በየተራ ነግረውኛል፣ ታሪኩም ይገጥማል። ጋሼ መበየጃውን ይዞ ጎንበስ ብሏል። ሹፌሩ ዳር ቆሞ "አይ ጋሼ፣ አንተስ ተገላገልክ" አለው።

ጋሼ የፊት መከለያውን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። "ጥር 12 ጠጥቻለሁ" አለ።

"ጥር? የዘንድሮው?"

"የዘንድሮው። በጓሮ ገብቼ ደረጃው ላይ ተኝቼ ነው ያደርኩት።"

ሹፌሩ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። "እና?"

"እናማ በማግስቱ አልጠጣሁም።"

ይቺው ናት። እልል ያለ የለም። ጋሼ ከዚያ ወዲያ ስለ እግዚአብሔር ብዙም አላወራውም፤ ሹፌሩም የጠየቀው ጥያቄ ሃይማኖት የለበትም። "ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚብሰው?" ነው ያለው። ጋሼ ሳያስብ "አስራ አንድ ሰዓት" አለ። ሹፌሩ ጭንቅላቱን ይዞ ሳቀ። የእሱም አስራ አንድ ሰዓት ነበር። መኪናውን አስገብቶ፣ ሒሳብ አስረክቦ፣ ኪሱ ውስጥ ብር ያለበት ሰዓት።

ያኔ ጋሼ ዝርዝሩን አወጣው። በአረቄ ቤቶቹ በር ላለማለፍ በጀርባ ዞሮ ቤት የሚገባበትን መንገድ። አስራ አንድ ሰዓት ሳይደርስ ጠግቦ መብላት፣ ሆድ ባዶ ከሆነ ምራቅ እንደሚሞላ። የዕለቱን ብር ቤት ለሚጠብቅ ሰው ወዲያው መስጠት። "ዛሬ ብቻ" የሚለውን ጓደኛ ስልክ አለማንሳት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየው። "ብቻህን እንዳታቆም። እኔ ልሞት ነበር። መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ የፈለግክበት ጠበል እወስድሃለሁ።" በሳምንቱ ሆስፒታል አብረው ሄዱ። ሹፌሩ ከመሪ ሦስት ሳምንት ራቀ፤ ለመኪናው ባለቤት "አሞኛል" አለው። ውሸትም አልነበረም።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው አልኮሆሊክስ አኖኒመስን፣ መጠጥ መተው የሚፈልጉ ሰዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉበትን ማኅበር፣ አነሳብኝ። በፈረንጆቹ 1935 አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ የተጀመረው እንዲሁ ነው፤ ከጠጣ አምስት ወር ገደማ የሆነው አንድ የአክሲዮን ደላላ ለሥራ የሄደበት ከተማ ንግዱ ከሽፎበት፣ እንዳይጠጣ ፈርቶ፣ የሚያወራው ሌላ ጠጪ ፈለገ። ጠጪ ከሆነ አንድ ሐኪም ጋር አገናኙት። የሄደው ሊያስተምረው አይደለም፣ ራሱ እንዳይወድቅ ነው። ለጋሼ ስነግረው አልገረመውም። "እኔም አስራ አንድ ሰዓት ላይ የምደውልለት ለሱ ብዬ መስሎሃል?" አለኝ።

ሹፌሩ አንዴ ወድቋል፣ ፋሲካ ላይ። ጋሼ ሰምቶ ሄዶ አብሮት ቁጭ አለ፣ "ጥር 12 ብዬህ የለ" አለው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ለእኔ አልነገሩኝም፣ እኔም ቀን እየቆጠርኩ አልጠይቅም። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስልክ እንደሚደዋወሉ ብቻ አውቃለሁ። ጋሼ አንዳንዴ እኔ ጋ ቁጭ ብሎ እያለ ስልኩ ይጠራል። "አለሁ፣ አለህ?" ይለዋል። "በል እሺ" ብሎ ይዘጋል።

ሰኔ 12፣ በሁለተኛው የሚካኤል ክብረ በዓል፣ እትዬ ወደ ማኅበር መጣች። ማንም ምንም አላለም። ቀድሜ ሁሉንም ለምኜ ነበር። በቢጫ ጀሪካን ቅሪቦ ይዛ ነው የመጣችው። ከጠላው ጎን አስቀመጠችው። ጋሼ ሁለት ብርጭቆ ጠጣ፣ ሹፌሩ ሦስት። ሙሴው የቀመሱት ይመስለኛል፣ ፊታቸውን ግን ቋጠር አድርገዋል። እሳቸው የጠላ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ማኅበር የሚደግሰው ሁሉ ቅሪቦም ያዘጋጃል፤ በስብሰባ ተወስኖ አይደለም።

እዚህ ጋ ላቆም ነበር። ክረምት ላይ ጋሼ አንድ ነገር ነገረኝ፤ እትዬም ይህቺ ትግባ ብላለች። ማታ ነው፣ ዝናብ ነው። ከጎረቤት ያልሆነች፣ ከሌላ ሰፈር የሆነች አንዲት ሴት የጓሮውን በር አንኳኳች። ወንፊት ልትዋስ ነበር። በዚያ ዝናብ፣ ከዚያ ሰፈር ድረስ፣ ለወንፊት። እትዬ ጋሼን ሳሎን ቆይ ብላ ማድ ቤት አስገባቻትና በሩን ዘጋችው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆዩ። ምን እንዳወሩ ጋሼ አልጠየቀም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሴትየዋ ስትሄድ ዓይኗ አብጦ ነበር አለኝ። ወንፊቱን ረስታው ሄዳለች።